ሊንኩ ብቻውን ሲከፈት

ባለአንድ ገጽ የድር መተግበሪያ እንድፈትሽ ሲሰጠኝ ማውጫዎቹን በመጫን አልጀምርም። ወደ ውስጥ ዘልቄ አንድ ገጽ እመርጣለሁ፤ የአንድ ትዕዛዝ ዝርዝር ወይም የአንድ ዕቃ መግለጫ ሊሆን ይችላል። አድራሻውን ገልብጬ በአዲስ ብራውዘር ላይ እለጥፈዋለሁ። ያ ገጽ ካልመጣልኝ፣ የቀረው ሁሉ ቢያምርም፣ አድራሻን ከገጽ የሚያገናኘው ራውቲንግ ገና አልተሠራም ብዬ እመልሰዋለሁ። ሰው በቴሌግራም ሊንክ የሚልከው ያየውን ገጽ ተቀባዩም እንዲያየው ነው፤ መነሻ ገጽ ላይ የሚጥል ሊንክ ለማንም አይጠቅምም።

ስሕተቱ ከዓይን የሚሰወርበት ምክንያት አለው። በእነዚህ መተግበሪያዎች ሰርቨሩ መጀመሪያ አንድ የኤችቲኤምኤል ፋይል ይሰጣል፤ ከዚያ በኋላ ገጽ የሚቀያይረው ጃቫስክሪፕቱ ነው። ፑሽስቴት በሚባለው ትእዛዝ አድራሻውን ሲለውጥ ሰርቨሩ ስለ ለውጡ አይሰማም። ማውጫ እየጫነ የሚሄድ ፈታሽ ሁሉም ሲሠራ ያያል። ሪፍሬሽ ሲያደርግ ግን ብራውዘሩ ያንኑ አድራሻ ከሰርቨሩ ይጠይቃል፤ በዚያ ስም የተቀመጠ ነገር ስለሌለ 404 ይመጣል። በገንቢው ኮምፒውተር ላይ ይህም አይታይም፤ እንደ ቫይት ያሉ የልማት ሰርቨሮች ያላወቁትን አድራሻ ራሳቸው ወደ መነሻው ፋይል ይመልሱታልና። ስለዚህ ይህን ፍተሻ ሥራ ላይ እንደሚውለው አድርጎ በተዋቀረ ሰርቨር ላይ ማስኬድ ግድ ነው።

መፍትሔውም የራሱን ጣጣ ያመጣል። ሰርቨሩ የማያውቀውን አድራሻ ሁሉ በመነሻው ፋይል እንዲመልስ ሲታዘዝ፣ የሌለ የጃቫስክሪፕት ፋይል ሲጠየቅም ኤችቲኤምኤል ይሰጣል። አዲስ ቅጂ ሲጫን የተለወጡት ፋይሎች አዲስ ስም ያገኛሉ። የድሮዎቹ ከተሰረዙ ደግሞ ገጹን ከጠዋት ጀምሮ ከፍቶ የተወው ሠራተኛ ከሰዓት በኋላ ማውጫ ሲጫን ባዶ ነጭ ገጽ ይጠብቀዋል። ይህን የሚይዝ ፍተሻ ብዙ ቡድኖች ዘንድ አላየሁም። ለመሥራት ግን አይከብድም፦ በድሮው ቅጂ መስኮት ከፍቶ መተው፣ አዲሱን መጫን፣ ከዚያ በዚያው መስኮት መቀጠል።

ወደ ኋላ መመለስ ለብቻው መፈተሽ አለበት። ፑሽስቴት ሲጠራ ፖፕስቴት የሚባለው ክስተት አይነሣም፤ የሚነሣው ተጠቃሚው ወደ ኋላ ወይም ወደ ፊት ሲል ነው። ሊንክ እየጫነ ብቻ የሚሄድ ፍተሻ የመመለሻውን ኮድ ጨርሶ አልነካውም። በተለይ መግቢያ ገጹን ልብ በሉ። ያልገባ ሰው የተጠበቀ ገጽ ሲከፍት ወደ መግቢያው ይላካል። ይህ ዝውውር የነበረውን አድራሻ በሚተካው በሪፕሌስስቴት ፈንታ በፑሽስቴት ከተሠራ፣ ሰውየው የመመለሻውን ቁልፍ በተጫነ ቁጥር ተመልሶ እዚያው መግቢያ ላይ ይወድቃል።

ሚሞሪ ራውተር የሚባለው የራውተር ዓይነት የገጾችን ታሪክ በማኅደረ ትውስታ ብቻ ስለሚይዝ በእሱ የሚጻፉ ፍተሻዎች ፈጣኖች ናቸው፤ እኔም አብዝቼ እጽፋቸዋለሁ። ሆኖም የአድራሻ መስመሩንም ሰርቨሩንም አይተው አያውቁም። ከላይ ያነሣኋቸውን ስሕተቶች የሚያወጣው እንደ ፕሌይራይት ባለ መሣሪያ የሚነዳ እውነተኛ ብራውዘር ነው። በዚያም ቢሆን የአድራሻውን መለወጥ ብቻ ማረጋገጥ አይበቃም፤ አድራሻው ከይዘቱ ቀድሞ ሊለወጥ ይችላል። ኔትወርክ ሲንቀራፈፍ ደግሞ ተጠቃሚው ትቶት የሄደው ገጽ መረጃ ዘግይቶ ደርሶ በአዲሱ አድራሻ ሥር ሊዘረገፍ ይችላል። ፕሌይራይት አንዱን ምላሽ አዘግይቶ ሌላውን ማሳለፍ ስለሚችል ይህን ሆን ብሎ መፍጠር ይቻላል።

በአማርኛ የምንሠራ ሰዎች አንድ ተጨማሪ ግዴታ አለብን። በዩቲኤፍ 8 አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል፤ በአድራሻ ውስጥ ሲገባ እያንዳንዱ ባይት በፐርሰንት ምልክትና በሁለት አሃዝ ስለሚጻፍ አንዱ ፊደል 9 ምልክት ይሆናል። «አዲስ አበባ» ከነክፍተቱ 57 ምልክት ነው። ይህ ልወጣ ሁለት ጊዜ ከተደረገ ገጹ አይገኝም፤ በእንግሊዝኛ ቃል ብቻ የተፈተሸ ራውተር ስሕተቱን ደብቆ ያልፋል። «ፀሐይ» እና «ጸሐይ» ለኮምፒውተሩ የተለያዩ ቃላት መሆናቸውም አይረሳ።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን ማያ ገጹን ማየት የማይችለው ተጠቃሚ ነው። ገጽ እንደ ድሮው ሙሉ በሙሉ ሲጫን ማያ ገጹን የሚያነብለት ሶፍትዌር አዲሱን ርዕስ ጮክ ብሎ ያነባል። በባለአንድ ገጽ መተግበሪያ ውስጥ ርዕሱ ካልተለወጠና ፎከሱ ወደ አዲሱ ይዘት ካልተወሰደ፣ ዓይነ ስውሩ ሊንኩን ተጭኖ የሚሰማው ዝምታ ብቻ ነው፤ ገጹ ይቀየር አይቀየር ሊያውቅ አይችልም። ርዕሱንና ፎከሱን ለማረጋገጥ ሁለት የኮድ መስመር ይበቃል። እባካችሁ፣ ከአሁን በኋላ በምትጽፉት እያንዳንዱ የራውቲንግ ፍተሻ ውስጥ አስገቧቸው።