የቴምሩ ቋጠሮ

በዱባይ አል ራሺዲያ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው ብዙም በማይርቀው የቆየ የቪላ ሰፈር፣ ከግቢ አጥር በላይ ብቅ ያሉ የቴምር ዛፎች አሉ። ኸላስ፣ ሉሉ፣ ኹነይዚ እየተባሉ በየዘራቸው ይጠራሉ። ፍሬው ቢዘራ ግማሽ ያህሉ ወንድ ይሆናል፤ ሴቷም የእናቷን ጣዕም አትደግምም። ስለዚህ ኸላስ የሚባለው ሁሉ ከእናት ዛፍ ግርጌ ከተነጠለ ቡቃያ፣ ወይም በቤተ ሙከራ ከተባዛ የዛፉ ሕብረ ሕዋስ የመጣ ነው።

አበባውን በእጅ የማዳቀሉ ሥራ የሚታየው ግን በየካቲትና በመጋቢት ነው። ቴምር ወንዱና ሴቷ ለየብቻቸው ናቸው፤ ለነፋስ ከተተወች የምታፈራው ጥቂት ነው። አንድ ወንድ ለ50 ያህል ሴቶች ስለሚበቃ፣ በጠባብ ግቢ ለማያፈራ ዛፍ ቦታ የሚሰጥ የለም፤ የወንዱ አበባ ከሌላ ቦታ ይመጣል። ወንዱን መምረጥም ዕውቀት ይጠይቃል። አሜሪካዊው የዕጽዋት ተመራማሪ ዋልተር ስዊንግል በ1928 እ.ኤ.አ. እንደጻፈው፣ የወንዱ ዓይነት የፍሬውን መጠንና የሚበስልበትን ጊዜ ይለውጣል።

ሠራተኛው (በነዚህ ግቢዎች ብዙውን ጊዜ ከደቡብ እስያ የመጣ ነው) ጀርባውን የሚደግፈውን ገመድ በግንዱና በወገቡ አዙሮ ይወጣል። በመጀመሪያ ከቅርንጫፎቹ ሥር ያሉትን ረጃጅም እሾሆች ይመለምላል። ከዚያ የተሰነጠቀውን የሴቷን የአበባ ሽፋን በጣቱ ይፈለቅቃል፤ ፈዛዛ ቢጫ አበቦች የተደረደሩባቸው ቀጫጭን ዘንጎች ይወጣሉ። ከወንዱ አበባ ጥቂት ዘንጎች ቆርጦ፣ ዱቄቱ እጁ ላይ እየበነነ፣ ቁልቁል ዘቅዝቆ መሃላቸው ይሰካል።

ቀጥሎ አንድ የዘንባባ ቅጠል ይሰነጥቃል፤ እኛ ለሆሳዕና ጣታችን ላይ የምናስረውን ዓይነት። ከዘለላው ጫፍ 5 ሴንቲሜትር ያህል ከፍ ብሎ በእሱ ይቋጥራል። ለእኔ የሙያው ልክ እዚህ ላይ ነው። ቢላላ የወንዱ ዘንግ ይወድቃል፤ ቢጠብቅ ዘለላው ሲፋፋ ይታነቃል። ሴቷ ዘንጎቿን በፍጥነት ስታረዝም እርስ በርስ እንዳይጠላለፉ የሚይዛቸውም ያው ስንጣቂ ነው። ዩኔስኮ የቴምርን ዕውቀትና ባህል በ2019 እ.ኤ.አ. በ14 አገሮች ስም መዝግቦታል፤ ደግ አደረገ፣ የእጁን ልክ ግን መዝገብ አያስተምርም።

ወዲያው ዝናብ ከጣለ ሥራው ይደገማል። ዘለላዎቹም በአንድ ቀን ስለማይከፈቱ እዚያው ዛፍ ላይ ደጋግሞ መውጣት ግድ ነው። የተሳካና ያልተሳካ ሥራ በኋላ ይለያል። እያንዳንዷ አበባ ሦስት የፍሬ ጅምር አላት፤ ዱቄቱ ከደረሳት አንዱ ያድግና ሁለቱ ይረግፋሉ፣ ካልደረሳት ዘር አልባ ሆነው ሦስቱም ጎን ለጎን ይቀጭጫሉ።

ጎበዝ ሠራተኛ ከሁሉም ዘለላ ላይ ያሳሳል፤ ከመሃል ዘንጎች ይቀንሳል፣ ጫፋቸውን ይቆርጣል። ሳምንታት ካለፉ በኋላም ተመልሶ ይወጣል። የዘለላው አንገት ደርቆ ሳይጠነክር በዝግታ ጎንበስ ያደርገውና ከታች ባለው ቅርንጫፍ ላይ ያስረዋል፤ ከዘገየ አንገቱ ይሰበራል።