ዝናው ወይስ ቀጠሮው?

የጃፓኑ ኒንቴንዶ «ዊ ዩ» የተባለውን የቪዲዮ ጌም መጫወቻ እ.ኤ.አ. በ2012 ሲያወጣ፣ ማሪዮንና ዜልዳን የመሰሉ ዝነኛ ተከታታይ ጨዋታዎች በእጁ ነበሩ። ሆኖም መሣሪያው የተሸጠው 13.56 ሚሊዮን ያህል ብቻ ነው። ዝና ብቻውን ገበያ አያደምቅምና።

ለ2015 ቃል የተገባው አዲሱ ዜልዳ ሁለት ጊዜ ተላለፈ፤ የዊ ዩ ገዢዎችም «ላም አለኝ በሰማይ» ሲሉ ከረሙ። ጨዋታው ማርች 3 ቀን 2017 ሲደርሳቸው፣ በዚያው ዕለት ተተኪው መሣሪያ «ስዊች» ለገበያ ቀረበ። በኤፕሪል «ማሪዮ ካርት 8»፣ በጁላይ «ስፕላቱን 2»፣ በኦክቶበር «ሱፐር ማሪዮ ኦዲሲ» ተከታተሉ። ስዊች ከ150 ሚሊዮን በላይ ተሸጠ። ከቤት ውጭም በእጅ ተይዞ የሚሠራ መሆኑ እንደረዳው አይካድም።

ይሁንና «ማሪዮ ካርት 8»ን ልብ እንበል፤ በ2014 ለዊ ዩ የወጣው ጨዋታ ጥቂት ተጨምሮበት የታተመ ሁለተኛ እትም ነው። የመጀመሪያው እትም ዊ ዩን አላዳነም፤ ሁለተኛው ግን ከ60 ሚሊዮን በላይ ተሸጧል። ሥራው ያው ነው፤ የተለወጡት መሣሪያውና ጊዜው ናቸው።

የኩባንያውን የቀጠሮ ጥበብ አደንቃለሁ። ዋጋውን የከፈለው ግን አስቀድሞ ያመነው ገዢ ነው፤ በተስፋ የጠበቀው ዜልዳ ለመሣሪያው የስንብት ስጦታ ሆኖ ደረሰውና።