ስለ ጃፓን የተጻፈውና ያልተጻፈው

ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» ብለው ያሳተሙትን መጽሐፍ በዚህ ክረምት ለሦስተኛ ጊዜ አነበብሁት። ያነበብሁትም በሀዋሳ ሐይቅ ዳር፣ ከአሞራ ገደል ጥቂት ራቅ ብሎ በሚገኝ የዋርካ ጥላ ሥር ተቀምጬ ነው። በፊተኞቹ ሁለት ጊዜያት መጽሐፉን ከማድነቅ በቀር ሌላ ሐሳብ አልመጣብኝም ነበር። በዚህኛው ግን አድናቆቱ ሳይጐድል አንድ ጥያቄ ተጨመረበት። ጥያቄውን ያመጣው የእኔ ብልኃት አይደለም፤ በየማለዳው በዚሁ ሐይቅ ዳር የሚሮጥ አንድ ጎልማሳ ነው። የእርሱን ነገር በስተኋላ አወሳለሁ፤ አስቀድመን ግን ወደ መጽሐፉ እንግባ።

አባቶቻችን «የመንገድ አኳኋን» ይሉት የነበረው የጽሕፈት ዓይነት በአማርኛ ሥር እንዲሰድ ካደረጉት ሰዎች ኅሩይ ከፊተኞቹ ይቈጠራሉ። በኋላ እቴጌ የሆኑትን የወይዘሮ መነንን የኢየሩሳሌምና የምሥር ጉዞ፣ የአልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንንንም የአውሮፓ ጉዞ ጽፈዋል። ወደ ጃፓን የሄዱት ግን የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነው ነው። ጃፓን በ1923 ዓ.ም. ለንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ በዓል መልእክተኛ ልካ ስለ ነበረ፣ ምላሹን ለማድረስ በማግሥቱ ዓመት ባሕር ተሻግረው ሩቅ ምሥራቅ ደረሱ። ዘመኑንም ማስታወስ ያስፈልጋል። በሐምሌ 1923 ዓ.ም. የታወጀው፣ በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ያረቀቁት ሕገ መንግሥት፣ በ1881 ዓ.ም. የታወጀውን የጃፓን ሕገ መንግሥት ምሳሌ አድርጎ የተሠራ ነበር። ዘውዷንና ልማዷን ሳትጥል የአውሮፓን ጥበብ የጨበጠች አገር በዓለም ላይ መኖሯ፣ ለዚያ ትውልድ ምሁራን እንደ ሕልም ፍቺ ሆኖ ታያቸው። ክቡር ከበደ ሚካኤል በ1946 ዓ.ም. «ጃፓን እንደምን ሠለጠነች» ሲሉ ያሳተሙትም መጽሐፍ የዚሁ ሕልም ታናሽ ወንድም ነው።

የኅሩይ አማርኛ ንጹሕ ነው። ሲያደንቁ አይጮኹም፤ ሲመክሩም አይቈጡም። የሁለቱን አገሮች ነገሥታት የዘር ሐረግ ርዝመት አጠገብ ለአጠገብ አቁመው ሲያሳዩን፣ አንባቢው ሳያውቀው ጃፓንን እንደ ሩቅ ዘመድ መቍጠር ይጀምራል። የጽሕፈታቸው ኃይል ይህ ነው። ድካሙም ከዚሁ ይነሣል፤ የመጻሕፍት መምህራን አንዱን ቃል «አንድም» እያሉ ደጋግመው እንደሚፈቱት፣ ይህንም መጽሐፍ ሁለተኛ ጊዜ መፍታት ይገባል። አምባሳደር የሚያየው ሊያሳዩት የወደዱትን ነው። ጧት የሚነሣበት ሰዓት፣ የሚጐበኘው ቤት፣ የሚያናግረው ሰው በባለቤቶቹ የተሰናዳ ነው። እንግዳ በተጠረገ ደጅ ገብቶ በተጠረገ ደጅ ይወጣል፤ ጓዳውን አያይም። ለእንግዳው ይህ ክብር ነው፤ ለጸሐፊው ግን ጉዳት ነው።

ጉዳቱ ከሥነ ጽሑፍ አልፎ ሄደ። ጠላት በ1928 ዓ.ም. በወረረን ጊዜ ከጃፓን ሕዝብ መካከል ስለ እኛ ያዘኑና የተቈጡ ብዙዎች ነበሩ። የጃፓን መንግሥት ግን በ1929 ዓ.ም. የኢጣሊያን ወረራ አጸደቀ። ኅሩይም በ1931 ዓ.ም. መስከረም በእንግሊዝ አገር በስደት ሳሉ ዐረፉ። ይህን የምናገረው በታላቁ ሰው ለመፍረድ አይደለም፤ ከእርሳቸው ይልቅ ብዙ የሚያውቁ የታላላቅ መንግሥታት መልእክተኞችም በዚያ ዘመን ተሳስተዋል። የምለው ይህን ያህል ነው፤ ከአንድ የክብር ጉብኝት በተገኘ ዕውቀት ላይ እጅግ ከባድ ተስፋ ተጭኖበት ነበር።

ኖሮ የጻፈ ሰው ምን ያህል እንደሚለይ ለማየት ላፍካዲዮ ኸርን የተባለውን ጸሐፊ መመልከት ይበቃል። ይህ ሰው በእናቱ ግሪካዊ፣ በአባቱ አየርላንዳዊ ሲሆን በሕፃንነቱ በግሪክ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን የተጠመቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ1890 ጃፓን ገባ፤ በማትሱዬ ከዚያም በኩማሞቶ መምህር ሆነ፤ ከአገሩ ሴት አገባ፤ እ.ኤ.አ. በ1896 ዜግነቱን ለውጦ ኮይዙሚ ያኩሞ ተባለ፤ እ.ኤ.አ. በ1904 ሞቶ እዚያው ተቀበረ። እርሱ የጻፈው ስለ ሚኒስትሮች አልነበረም። ስለ ዝማሬያቸው ሲባል በገበያ ስለሚሸጡ ነፍሳት፣ ፉጂ ተራራን ሲወጣ እግሩ ስለ መድከሙ፣ ደቀ መዛሙርቱ ስለሚለማመዱት ጁጁትሱ ስለሚባለው ትግል ጻፈ። በዚያ ትግል ዐዋቂው የባላጋራውን ጕልበት በጕልበት አይመልስም፤ እሺ ብሎ ይለቅለትና በገዛ ኃይሉ ይጥለዋል። ኸርን ከዚህ የልጆች ጨዋታ ተነሥቶ ጃፓን የአውሮፓን ጥበብ እንዴት እንደ ተቀበለች አስረዳ። ከአንድ የመታገያ አዳራሽ ያገኘውን ትምህርት ከአሥር ቤተ መንግሥት ባላገኘውም ነበር። እርሱም ቢሆን ነውር አላጣውም። የጥንቱን ጃፓን ከመውደዱ ብዛት አዲሱ እንዲወለድ አይፈቅድም ነበር፤ የወደድነውን አገር እንደ ሥዕል ሰቅለን ማስቀረት ደግሞ ሌላ ዓይነት ዕውርነት ነው።

«እኛስ ኖረን የምናውቅበት መንገድ የለንም ወይ?» የሚል ቢኖር፣ አለን። መንገዱም ቃል በቃል መንገድ ነው። ሻምበል አበበ ቢቂላ በ1953 ዓ.ም. በኦሳካ ከተማ ማራቶን ሮጦ አሸነፈ። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካስወጣ አርባ ቀን ሳይሞላው፣ ከቶኪዮ ስታዲየም ተነሥቶ በኮሹ ካይዶ ጎዳና እስከ ቾፉ ደርሶ በመመለስ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሴኮንድ ገባ። ገብቶም እንደ ደከመ ሰው አልወደቀም፤ በሣሩ ላይ ሰውነቱን ያፍታታ ጀመር። በዚያው ዓመት ግንቦት ተመልሶ በቢዋ ሐይቅ አጠገብ በኦትሱ አሸነፈ። ከእርሱም በኋላ በፉኩኦካ በላይነህ ዲንሳሞ በ1983፣ ገዛኸኝ አበራ በ1992ና በ1994፣ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በ1999፣ ፀጋዬ ከበደ በ2001ና በ2002 ዓ.ም. አሸንፈዋል። በሐምሌ 2013 ዓ.ም. ሰሎሞን ባረጋ በቶኪዮ የ10 ሺህ ሜትር ወርቅ ያገኘው ግን ተመልካች በሌለበት ባዶ ስታዲየም ነበር።

እነሆ ከስድሳ ዓመት በላይ በጃፓን አውራ ጎዳና ላይ እግራችን አለ። ከዚህ ሁሉ ለአንባቢ የደረሰው ሰዓትና ደቂቃ ነው። በመንገዱ ዳር ማን ቆሞ ነበር? ያ ሯጭ በዋዜማው ምን በላ? በማግሥቱስ ብቻውን ወጥቶ ወዴት ሄደ? ጋዜጦቻችን አልጠየቁትም፤ እርሱም ጸሐፊ ነኝ ብሎ አላሰበም።

ጃፓኖች በዚህ ይበልጡናል። በ1957ቱ ማራቶን ሦስተኛ የወጣው ኮኪቺ ትሱቡራያ ሁለተኛ ሆኖ ስታዲየም ገብቶ ሳለ፣ በሕዝቡ ሁሉ ፊት በእንግሊዛዊው በሂትሊ ተቀደመ። በ1960 ዓ.ም. ሕይወቱን በገዛ እጁ አጠፋ፤ ፍጻሜውን ማንም አያመሰግነውም። የተወው የስንብት ደብዳቤ ግን ከጃፓን ሥነ ጽሑፍ ጋር ይቈጠራል። በደብዳቤው ላይ ሐተታ የለበትም። ወላጆቹን፣ ወንድሞቹንና የወንድሞቹን ሚስቶች በየስማቸው እየጠራ፣ ያ ያበላኝ ይህ ምግብ ጣፋጭ ነበር፣ ያ ያጠጣኝ ይህ መጠጥ ጣፋጭ ነበር እያለ ያመሰግናል፤ በመጨረሻም መድከሙን ይናገራል። በ1961 ዓ.ም. የኖቤልን ሽልማት ያገኘው ታላቁ ደራሲ ያሱናሪ ካዋባታ ይህን የሯጭ ጽሑፍ አድንቆ ጽፎለታል። ደራሲው የሯጩን ቃል አላረመውም።

«አላረመውም» የሚለውን ቃል የጻፍሁት እያፈርሁ ነው። ከላይ ያነሣሁት ጎልማሳ የከተማችን ልጅ ነው። ጃፓን ውስጥ ፋብሪካዎች የየራሳቸውን የሩጫ ቡድን ያቋቁማሉ፤ እርሱም በአንዱ ውስጥ ስድስት ወር ተለማምዶ ተመልሷል። ሲመለስም አንድ የተማሪ ደብተር ይዞ መጣ። ደብተሩን እንዳነብለት ሰጠኝ። በየቀኑ የሮጠው ኪሎ ሜትር፣ የበላው፣ ያየው ተጽፎበታል። አንድ ፉርጎ ብቻ ባላት ባቡር ተሳፍሮ መውረጃው አልፎት በማያውቀው መንደር ሲያድር፤ በሕዝብ መታጠቢያ ቤት ሳይታጠብ ወደ ገንዳው ሊገባ ሲል አንድ ሽማግሌ በምልክት ሲያስተምሩት፤ ኳስ በዱላ የሚመቱ የትምህርት ቤት ልጆች ጨዋታው ሲያበቃ ለሜዳው እጅ ሲነሡ።

ከሁሉ የበለጠብኝ ስለ ሐኮኔው የቅብብል ሩጫ የጻፈው ነው። ይህ ኤኪደን የሚባለው ሩጫ ከ1912 ዓ.ም. የጀመረ ሲሆን፣ ከቶኪዮ እስከ አሺ ሐይቅ ደርሶ መልስ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በሁለት ቀን ለዐሥር ተካፍለው ይሮጡታል። የሚቀባበሉትም በትር አይደለም፤ በትከሻ አግድም የሚጠለቅ የጨርቅ መታጠቂያ ነው። አንዱ ሯጭ እጅግ ከዘገየ፣ ተከታዩ እርሱን ሳይጠብቅ ሌላ መታጠቂያ ታጥቆ እንዲነሣ ይደረጋል። የእኛ ልጅ አንዱ የዘገየ ተማሪ መታጠቂያውን በእጁ ጨብጦ መጥቶ የሚቀበለው ሰው ሲያጣ አይቶ፣ በደብተሩ ላይ «እኛ ብቻችንን ስለምንሸነፍ ይቀለናል» ብሎ ጻፈ። ስለ ጃፓንም ስለ እኛም ከዚህ የሚጠልቅ ነገር በብዙ ወፍራም መጻሕፍት አላገኘሁም።

እኔ ግን ደብተሩን ወስጄ «ለኅትመት አሰናዳለሁ» ብዬ እንደ ገና ጻፍሁት። «ባቡሩ አሳለፈኝ» ያለውን «የጉዞ ዕጣ ካሰብሁት ስፍራ አሳልፎ ወሰደኝ» አደረግሁት። ሽማግሌውን «በዕድሜ የከበሩ አረጋዊ» አልኋቸው። ስለ ብቻችን መሸነፍ የጻፈውንም «ብሔራዊ ጠባያችንን የሚነካ ነው» ብዬ ሰረዝሁት። ጎልማሳው የጻፍሁትን አንብቦ ሲጨርስ፦

«ጋሼ፣ ቋንቋው በጣም ያምራል። ግን እኔ እዚህ ውስጥ የለሁም» አለኝና ደብተሩን ብቻ አንሥቶ፣ የእኔን ወረቀት በጠረጴዛው ላይ ትቶት ሄደ።

ልካሰው ብዬ በሌላ ቀን የኅሩይን መጽሐፍ ጥቂት ገጾች አነበብሁለት። በትዕግሥት ሰማኝ፤ አማርኛውንም አደነቀ። ኋላም «እኚህ ሰው መንገድ ጠፍቷቸው አያውቅም?» ሲል ጠየቀኝ። መልስ ስላጣሁ ነው መጽሐፉን ለሦስተኛ ጊዜ ያነበብሁት። የጠፋ መንገድ አላገኘሁበትም። አምባሳደር ቢጠፋ የሚያፍረው አገሩ ነውና፣ እርሳቸው ሊጠፉ አይፈቀድላቸውም ነበር። ኅሩይን ከዚህ በላይ መውቀስ አይገባም። ወቀሳው የሚገባን ሊጠፋ የሚችለውን ሰው ጽሑፍ እየተቀበልን የምናሳምረው እኛ ነን።

ደብተሩን እንዲያሳትም ደግሜ ለመንሁት፤ እስካሁን እሺ አላለም። መጽሐፉን ግን አውሰኝ ብሎ ወሰደው። ትናንት በማለዳ ከዋርካው ሥር ተቀምጬ ሳለ በሩጫ ሲያልፍ፣ ሳይቆም እጁን አነሣልኝና «ጋሼ፣ ቶኪዮ ደርሻለሁ» ብሎኝ አለፈ።