የአንድ ጥያቄ አሠራር

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ አዳማ ለሚገባ መንገደኛ፣ ከከተማዋ ቀድመው የሚታዩት ኮረብታው ላይ የቆሙት ነጫጭ የንፋስ ተርባይኖች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2012 የተመረቀው የመጀመሪያው ምዕራፍ 34 ተርባይኖች አሉት፤ የእያንዳንዳቸው አቅም 1.5 ሜጋ ዋት ነው። አንድ የፍሬሽማን ፊዚክስ መምህር ከዚህ ብቻ ተነሥቶ የሚከተለውን ወርክሺት ሊያዘጋጅ ይችላል።

«ሀ. ሁሉም በሙሉ አቅም ቢሠሩ በድምሩ ስንት ሜጋ ዋት ይሆናል? ለ. ተርባይኖቹ ሙሉ አቅማቸው ላይ የሚደርሱበት የንፋስ ፍጥነት በግማሽ ቢቀንስስ? ሐ. ጣቢያው በዓመት የሚያመነጨው ኃይል፣ የ«ሀ»ን መልስ በዓመቱ ሰዓታት ብናባዛ ከምናገኘው ለምን ያንሳል? ፊዚክስ ላልተማረ ሰው በሚገባ ቋንቋ አስረዱ።»

እስቲ አሠራሩን ቀረብ ብለን እንየው። «ሀ» ማባዛት ብቻ ነው፤ 51 ይመጣል። ቀላል የሆነው ተማሪን በመናቅ አይደለም። ክፍሉ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ወረቀቱ ላይ አንድ ነገር ጽፎ እንዲጀምር ነው፤ ባዶ ወረቀት ይዞ የሚቀመጥ አይኖርም። «ለ» ላይ ወጥመዱ አለ። ብዙው እጅ ቸኩሎ 25.5 ይጽፋል። በንፋስ ውስጥ ያለው ኃይል ግን ከፍጥነቱ ሦስተኛ ርቢ ጋር ነው የሚሄደው። ፍጥነቱ ግማሽ ሲሆን ኃይሉ ወደ ስምንተኛ ይወርዳል፤ መልሱ 6.4 ገደማ ነው። 25.5 የጻፈውና 6.4 የጻፈችው ጎን ለጎን ከተቀመጡ መከራከራቸው አይቀርም፤ ጥያቄውም የተሠራው ለዚሁ ክርክር ነው። «ሐ» ደግሞ በሒሳብ ፈጣን የሆነውን ብቻ አያነግሥም። የመቂን ወይም የባቱን ንፋስ በየወቅቱ እያየ ያደገ ልጅ የሚለው ነገር አለው።

ይህን ከውጭ አገር መማሪያ መጽሐፍ በቀጥታ ከተገለበጠ ጥያቄ ጋር አስተያዩት። እዚያ ቤዝቦል አለ፤ በረዶ ላይ የሚንሸራተት ሰው አለ። ፊዚክሱ አንድ መስመር፣ ታሪኩ ስድስት መስመር እንግሊዝኛ ነው። በኦሮሚያ ትምህርቱ እስከ 8ኛ ክፍል በአፋን ኦሮሞ ተሰጥቶ ከ9ኛ ጀምሮ ወደ እንግሊዝኛ ሲዞር፣ በአማራ ክልል ሒሳብና ሳይንስ ከ7ኛ ጀምሮ በእንግሊዝኛ ሲሰጥ ኖሯል። ስለዚህ አንድ አግዳሚ ላይ አራት ዓመት በእንግሊዝኛ የተማረና ስድስት ዓመት የተማረ ልጅ አብረው ይቀመጣሉ። ስድስት መስመር ታሪክ ቀድሞ የሚለካው የንባብ ፍጥነታቸውን ነው። በአፍ መፍቻ ቋንቋ መማሩ ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ። ጥፋቱ ፈተናውን ሲሠራ ይህን ያላሰበው እጅ ነው።

ጉዳዩን ወደ አዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የማመጣው ያለ ምክንያት አይደለም። ተቋሙ እ.ኤ.አ. በ1993 ናዝሬት ቴክኒክ ኮሌጅ ተብሎ ተጀመረ፤ በኋላም የቴክኒክ መምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ ሆነ። በ2006 ወደ ዩኒቨርሲቲ አደገ፤ የአሁኑን ስሙን ያገኘው በ2011 ነው። መምህር ሲያወጣ የኖረ ቤት ነው ማለት ነው። ተማሪዎቹም ለብቻው በሚሰጥ የመግቢያ ፈተና ተመርጠው የሚገቡ ናቸው። ከተመረጡት መካከል አንዷ ካልኩለስ ላይ ኤፍ ስታገኝ «አቅም የላትም» የሚለው መልስ አያጠግብም።

በዚህ መልስ ሳይረካ ቀርቶ ከባዱን ሥራ የሠራ ሰው ነበር። ዩሪ ትራይስማን እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በካሊፎርኒያ፣ በርክሌይ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ሳለ፣ ጥቁር አሜሪካውያን ተማሪዎች ካልኩለስ ላይ በብዛት እንደሚወድቁ አየ። በዙሪያው የነበሩት ሰዎች ምክንያት አላጡም፤ ፍላጎት ማነስ፣ የመሠረት ድክመት፣ የቤተሰብ ድጋፍ ማጣት፣ ድህነት። ትራይስማን እያንዳንዱን ሲመረምር አንዱም አላስኬድ አለው። ስለዚህ 20 ጥቁር አሜሪካውያንና 20 የቻይና ዝርያ ያላቸው ተማሪዎችን እየተከተለ እንዴት እንደሚያጠኑ ይመለከት ጀመር። የቻይና ዝርያ ያላቸው መጀመሪያ ለየብቻ ይሠራሉ፤ ከዚያ ተሰብስበው እየበሉ መልስ ያመሳክራሉ፤ የሁሉም መልስ የተሳሳተበትን ጥያቄ «ይሄ በእውነት ከባድ ነው» ብለው ይለዩታል። ጥቁሮቹ ግን አብዛኞቹ የተባሉትን ሰዓት በትጋት፣ ለብቻቸው ያጠኑ ነበር። ሲሳሳቱ ችግሩ ጥያቄው ይሁን እነሱ የሚነግራቸው ሰው አልነበረም።

ትራይስማን ከዚህ በኋላ ያደረገው ነገር እስካሁን ያስደንቀኛል። ማካካሻ ትምህርት አልከፈተም። ከመደበኛው ኮርስ የከበዱ ጥያቄዎችን አዘጋጅቶ፣ ተማሪዎቹን «የክብር ሥራ ነው» ብሎ ጠራቸውና በቡድን አሠራቸው። ውጤታቸው በግልጽ ተሻሻለ።

እኛም ቡድን እናውቃለን። «አንድ ለአምስት» የተባለው የተማሪዎች አደረጃጀት በየትምህርት ቤቱና በየካምፓሱ ተዋቅሮ ነበር። ብዙ ጊዜ ጎበዙ ይሠራል፤ ሌሎቹ ይገለብጡ ነበር። ቡድኑ በቁጥር ሲሠራ ጥያቄው አልተሠራምና። አንድ ሰው ብቻውን የሚጨርሰውን ጥያቄ ለአምስት መስጠት አራቱን ተመልካች ማድረግ ነው። ከላይ ያለው «ለ» እና «ሐ» ግን ሁለት ራስ ይፈልጋሉ።

ለመሆኑ እንዲህ ያለው ማስተማር ውጤት አለው? በዩኒቨርሲቲ ኦፍ ዋሽንግተን ኤሊ ቲዮባልድና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጡት ጥናት እዚህ ላይ ይጠቀሳል። ቀደም ብለው የተሠሩ ጥናቶችን ሰብስበው፣ በሳይንስ፣ በሒሳብና በምሕንድስና ኮርሶች ያሉ ዝቅተኛ ገቢ ወይም አነስተኛ ውክልና ያላቸው ተማሪዎችን ከሌሎቹ ጋር አነጻጸሩ። ተማሪው ክፍል ውስጥ ራሱ እየሠራ ሲማር፣ በሁለቱ ወገኖች መካከል ያለው የፈተና ውጤት ልዩነት በ33 በመቶ፣ የማለፍ ልዩነቱ ደግሞ በ45 በመቶ ጠበበ። ከዚህ ሁሉ እኔ የማደንቀው ግን ያልደበቁትን ነው፤ ልዩነቱ የጠበበው አብዛኛው የክፍል ጊዜ ለተማሪው ሥራ በተሰጠበት ብቻ ነበር። ሌክቸሩ መሐል አንድ ጥያቄ ጣል አድርጎ መቀጠል ልዩነቱን አላጠበበም። ጥሩ አጥኚ የሥራውን ወሰን እንዲህ ይናገራል።

ትንሽ ለውጥ አይረባም ማለት አይደለም። ተመራማሪዋ ሜሪ በድ ሮው ለዓመታት የክፍል ድምፅ ቅጂዎችን አዳምጣ፣ መምህራን ከጠየቁ በኋላ የሚጠብቁት አንድ ሰከንድ ገደማ ብቻ መሆኑን አገኘች። ወደ ሦስት ሰከንድ ሲያራዝሙት መልሶቹ ረዘሙ፤ ደካማ የተባሉትም መናገር ጀመሩ። በሁለተኛ ወይም በሦስተኛ ቋንቋው ለሚያስብ የሻሸመኔ ወይም የሞጆ ልጅ ሁለት ተጨማሪ ሰከንድ ብዙ ነው።

አዳማ ላለ መምህር አንድ ነገር ልለምን። በዚህ ሴሚስተር ከወርክሺቶችዎ አንዱን ብቻ እንደገና ይሥሩት። ተመሳሳይ የመግቢያ ውጤት ካላቸው ሁለት ሴክሽኖች አንዱን በአዲሱ፣ ሌላውን በቀድሞው ያስተምሩ፤ ፋይናሉን አንድ ያድርጉና ያለ ስም ያርሙት። ሬጅስትራሮችም ያለፈውንና የወደቀውን በጾታና እስከ 8ኛ ክፍል በተማሩበት ቋንቋ ለይተው ለመምህሩ ይስጡት። አዲሱ ወርክሺት ለውጥ ካላመጣም ውጤቱ እንዳለ ይጻፍ።