ሰርተፊኬት ቁስል አያሽርም

የዛሬው ጨዋታችን ከበድ ይላል፤ ቢሆንም ዝም ከምል ልናገረውና ይውጣልኝ።

በሰፈራችን ከዓረብ አገር ከተመለሰች ሁለት ዓመት ሊሞላት የደረሰ ልጅ አለች። በር ሲንኳኳ ትበረግጋለች። ሌሊት እየጮኸች ትነቃለች። ጎረቤት ልብስ ሲተኩስ የካውያው ሽታ ከመጣባት ቤቱን ጥላ ትወጣለች። ምን እንደተደረገች ክንዷን ያየ ሰው አይጠይቅም። እናቷ «ቻይው ልጄ፣ ያልፋል» ይሏታል። ጎረቤቱ ደግሞ «ዓይነ ጥላ ነው» ብሎ ፈርዷል።

በቅርቡ አንድ ድርጅት «የሥነ ልቦና ድጋፍ» ብሎ ጠራት። ብቻዋን መሄድ ስለፈራች እናቷ ለመኑኝና አብሬያት ሄድኩ። አዳራሹ ባነር ተሰቅሎበታል፤ ፕሮጀክተሩም በርቷል። እስከ ሻይ ዕረፍት ድረስ ስለ ጭንቀት ዓይነቶች ተነገረን። ከሻይ በኋላ «አሁን ደግሞ ሁላችሁም የደረሰባችሁን አውጡት፣ ይቀላችኋል» ተባለ። ልጆቹ በማያውቁት ሰው ፊት ያወጡት ጀመር። አንዷ ተንቀጠቀጠች፣ አንዷ ራሷን ሳተች። በዚህ መሀል ሰዓቱ ደረሰና ምሳ ተበላ፣ ሰርተፊኬት ታደለ፣ ፎቶ ተነሣን። ታክሲ ውስጥ ልጅቷ ዝም ብላ ቆየችና «ጋሼ፣ ከፍተውኝ ሳይዘጉኝ ሄዱ» አለችኝ።

እስቲ ፍረዱኝ! ሆድ ቀዶ ሳይሰፋ «ሰዓቴ አልቋል» ብሎ የሚሄድ ሐኪም ቢኖር ምን እንለው ነበር?

ይሄ የኔ ብሶት ብቻ አይደለም። ከአደጋ በኋላ ሰውን አንድ ጊዜ አስቀምጦ የደረሰበትን ማናዘዝ በሌላውም ዓለም ፋሽን ሆኖ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመው የኮክሬን የጥናቶች ግምገማ ግን ይህ የአንድ ቀን ነገር በሽታውን እንደሚከላከል ማስረጃ አላገኘም። እንዲያውም ያባባሰባቸው ሰዎች የታዩበት ጥናት ነበር።

እውነተኛው ሕክምና ሌላ ነው። ለምሳሌ ኤድና ፎአ የተባሉት ሊቅ ያደራጁትን እንውሰድ። ታማሚዋ ያንን የሸሸችውን ትዝታ ባለሙያ አጠገቧ ሆኖ ደጋግማ ትተርከዋለች። የምትፈራቸውን ነገሮችም ደረጃ በደረጃ ትጠጋቸዋለች፤ ካውያውን ዛሬ ከሩቅ ካየችው ነገ ትነካዋለች። ቀስ በቀስ አእምሮዋ «ያ ያኔ ነው፣ ይሄ አሁን ነው» ማለት ይጀምራል። ይህ ሁሉ የሚያልቀው ብዙውን ጊዜ ከ8 እስከ 15 በሚሆኑ ቀጠሮዎች ሲሆን የተለመደው በሳምንት አንዴ ነው።

ችግሩ ያለው ሳምንቱ ላይ ነው። በሁለቱ ቀጠሮዎች መሀል ፍርሃቱ «ምን አስኬደሽ?» እያለ ይመክራል። የታክሲው ብር ያልቃል፣ አሠሪ ይቆጣል፣ ሰውም መሀል መንገድ ላይ ይቀራል። ለዚህ ነው ባለሙያዎቹ ቀጠሮውን ማጠጋጋት የጀመሩት። እንግሊዝ ውስጥ እነ አንከ ኤህለርስ 121 ሰዎችን አጥንተው ውጤቱን በ2014 አወጡ። አንዱ ቡድን እስከ 18 ሰዓት የሚደርሰውን ሕክምና በአንድ ሳምንት ገደማ ጨረሰ፣ ሌላው በሳምንት አንዴ እየመጣ በሦስት ወር። ከሳምንቱ ቡድን 73 በመቶው፣ ከሦስት ወሩ 77 በመቶው ከሕመሙ ዳኑ። ትዝታውን ሳይነካ የሚያጽናና ምክር ብቻ ካገኙት የዳኑት 43 በመቶ ሲሆኑ፣ ተራ ሲጠብቁ ከቆዩት ደግሞ 7 በመቶ ብቻ ነበሩ።

ልብ በሉ፤ ያጠረው የቀኑ ብዛት ነው እንጂ ሕክምናው አይደለም። በኛ አዳራሽ ያጠረው ግን ራሱ ሕክምናው ነው!

ሌላው የሚያናድደኝ የአጋዡ ነገር ነው። ሆላንድ ውስጥ ጠዋት ትዝታውን መጋፈጥ፣ ከሰዓት በኋላ ዓይንን ወዲያና ወዲህ እያንቀሳቀሱ የሚሰጠው ኢኤምዲአር፣ በመሀሉ ስፖርት ያለበት ሕክምና በሁለት ሳምንት፣ በሳምንት አራት ቀን ይሰጣል። ታካሚዎቹም ይሻላቸዋል። በ2023 የወጣ ጥናት ስፖርቱን ለብቻው ሲመዝነው ግን ከዋናው ሕክምና በላይ የጨመረው ነገር አልተገኘም። ስፖርት ለጤና ጥሩ ነው፤ ወጡ ግን እሱ አይደለም። እኛ ጋ ደግሞ ወጡን ትተን ቅመሙን እናድላለን። የልብስ ስፌት መኪና ሰጥተን «ተቋቁማለች» ብለን ሪፖርት እንጽፋለን። ጠበሉንም ቡናውንም የስፌት መኪናውንም አልነቅፍም፤ ሰው ያለ ሰውና ያለ እንጀራ አይድንም። ግን ሌሊት የማትተኛ ልጅ ቀን መርፌ ላይ ክር እንዴት ታስገባ?

«አቦ ተወን! ይሄ የፈረንጅ ቅንጦት ነው፣ እኛ ባለሙያ የት አለን?» የሚለኝ አይጠፋም። መልሴ ኡጋንዳ ነው። ናኪቫሌ በሚባለው የስደተኞች ሠፈር ከስደተኞቹ መሀል የተመረጡ ሰዎች ለሳምንታት ሠልጥነው የሩዋንዳና የሶማሊያ ስደተኞችን አከሙ፤ ታካሚዎቹ በጥቂት ቀጠሮዎች እንደተሻላቸው በ2008 በወጣ ጥናት ታይቷል። ከተጠቀሙባቸው መንገዶች አንዱ የሕይወት ታሪክን ከጥግ እስከ ጥግ ማስተረክ ነው። መሬት ላይ ገመድ ይዘረጋል። ለደጉ ቀን አበባ፣ ለክፉው ቀን ድንጋይ ይቀመጥበታል። ከዚያ እያንዳንዱ ድንጋይ በተራው ይተረካል። ገመድ፣ አበባና ድንጋይ የሌለበት አገር አለ?

ደግሞም ለተጠጋጋው ሕክምና ከኛ ስደት ተመላሾች የበለጠ ማን ይስማማዋል? በ2013 እና በ2014 ከሳዑዲ ዓረቢያ ብቻ ከ160 ሺህ በላይ ወገኖቻችን ተባረው መጡ። የሚጠለሉት ጥቂት ቀናት ወይም ሳምንታት ነው። ከዚያ አንዷ ወሎ፣ ሌላዋ ጅማ ትገባለች። «በየሳምንቱ ማክሰኞ ነይ» ቢሏት በምን ትመጣለች? ከ2020 እስከ 2022 የነበረው ጦርነት ያቆሰላቸውም ከክሊኒክ ሩቅ ናቸው። ያቺ የመጠለያ ሳምንት ናት ዕድሏ፤ እኛ ግን በስብሰባ እናሳልፋታለን።

ይሁንና «ሰባት ቀን በቃ» ብሎ የሚጣደፍም እንዳይመጣብን እፈራለሁ። የሠለጠነ ሰው፣ ሠልጣኙን የሚከታተል አዋቂ፣ ከሳምንቱም በኋላ ስልክ የሚያነሳ ያስፈልጋል። ከሚደበድባት ሰው ጋር አንድ ጣሪያ ሥር ያለች ደግሞ መጀመሪያ ከዱላው ትውጣ።

ስለዚህ በጀት የያዛችሁ፣ አንድ ልለምናችሁ። በሪፖርታችሁ ላይ «ስንት ሰው ሠለጠነ» ከሚለው አጠገብ «ስንቱ ሌሊቱን ተኝቶ አደረ» የሚል አንድ መስመር ጨምሩልን።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፤ እንዲታከም ግን ይቻላል። የልጅቷን ሰርተፊኬት እናቷ ሳሎን ሰቅለውታል። ትናንት ሌሊትም ጩኸቷ እስከ እኔ ቤት ተሰማ።

ቸር ይግጠመን።