መጣ፣ ይመጣ ነበር፣ መጥቷል

ባለፈው ክረምት ወረታ ነበርኩ። የፎገራ ሜዳ በርብና በጉማራ ሙላት ውሃ ለብሶ ስለነበር፣ ቀኑን የምገፋው በእንግሊዝኛ የተጻፈ የጣልያንኛ መማሪያ በማገላበጥ ነበር። መጽሐፉ ኃላፊ ጊዜ ላይ ሲደርስ ተማሪውን ደጋግሞ ያስጠነቅቃል።

ማስጠንቀቂያው ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ ተገቢ ነው። እርሱ «ኬም» ብሎ የሚገላገለውን ጣልያንኛ «ቬኔ» እና «ቬኒቫ» ብሎ ይከፍልበታል። ለእኛ ግን ልዩነቱ የቤታችን ነው። ጎርፉ አንድ ሌሊት ደርሶ ከሄደ «መጣ» እንላለን፤ በየክረምቱ ከሆነ «ይመጣ ነበር»፤ ውሃው ደጃፍ ላይ ቆሞ ሳለ ደግሞ «መጥቷል»። ይህን ሦስተኛውን ጣልያን «ኤ ቬኑቶ» ይለዋል፤ በዛሬው ንግግር፣ በተለይ በሰሜን ኢጣልያ፣ «ቬኔ»ንም ተክቶ ይሠራል።

የበለጠ የገረመኝ ረዳት ግሱ ነው። እንግሊዝኛ «መጥቻለሁ» ለማለት «አለኝ» የሚለውን ግስ ይዋሳል። ጣልያንኛ ግን «ሶኖ ቬኑቶ» ሲል የሚያስቀድመው «ነኝ»ን ነው። የእኛም «መጥቻለሁ» ሲፈታ «መጥቼ አለሁ» ነው። እርግጥ ዝምድናው እስከ ጫፍ አይሄድም። ጣልያን «በልቻለሁ» ሲል እርሱም ወደ «አለኝ» ይዞራል። ሴትም «መጥቻለሁ» ስትል «ሶኖ ቬኑታ» ማለት አለባት፤ የእኛው ቃል ወንድና ሴት አይለይም።

ሁለቱን ግሶች ማገናኘት አዲስ ሐሳብ አይደለም። ከጣና ዳርቻ ከዘጌ የተወለደው አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ እ.ኤ.አ. በ1911 ስለ አማርኛ ግስ በጣልያንኛ የጻፈውን መጽሐፍ ሮማ ላይ አሳትሟል። በወረራው ዘመን ለፋሺስቱ አገዛዝ አድሮ «አፈ ቄሣር» መባሉም የታወቀ ነው። ሰውየውን ስለ ሥራው መውቀስ ይገባል፤ ዕውቀቱን አብሮ መቅበር ግን ጉዳቱ ለራሳችን ነው።

የእንግሊዝኛውን መማሪያ አልከስም፤ ለጻፈለት ሰው ጽፏል። የምወቅሰው እኛን ተማሪዎቹን ነው። ጣልያንኛን በእንግሊዝኛ በር ስንገባ የእንግሊዝኛ ተናጋሪውን ጭንቀት አብረን እንሸከማለን፤ በአፋችን ያለውን አማርኛ ደግሞ ደጅ ትተን እንገባለን።

መጽሐፉን አጥፌ ማኪያቶ አዘዝኩ። ለካ እርሱም ከግስ የወጣ ነው፤ «ነጠብጣብ ያረፈበት» ማለት ነው። የጣልያንን ኃላፊ ጊዜ ሳናውቀው ስንጠጣው ኖረናል።