ዐድዋ በአሸዋ ገበታ ላይ፤ ስለ ጦርነት ጨዋታ የቀረበ ሂስ

ያለፈን ጦርነት በትንንሽ ምስሎች በገበታ ላይ መልሶ መዋጋት በሌላው ዓለም የቆየ ልማድ ነው። ፕሩስያዊው መኰንን ቮን ራይስቪትስ አባቱ የጀመረውን ሥራ አሻሽሎ በ1824 እ.ኤ.አ. ደንቡን ካወጣ ወዲህ ጨዋታው የመኰንኖች ትምህርት አንድ ክፍል ሆነ። እንግሊዛዊው ደራሲ ኤች. ጂ. ዌልስ ደግሞ በ1913 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ጨዋታውን ከጦር ሰፈር አውጥቶ ወደ መኖሪያ ቤት ወለል አወረደው። ነገሩ ለአገራችንም ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። ሄንሪ ሶልት በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ትግራይን በጐበኘ ጊዜ ራስ ወልደ ሥላሴ ሠንጠረዥ ሲጫወቱ ማየቱን ጽፏል።

ዛሬ ከእነዚህ ጨዋታዎች መካከል አንዱ የዐድዋ ጦርነት ነው። በአዳማ ያለን ጥቂት ጓደኛሞችም ይህንኑ ጦርነት በአሸዋ ገበታ ላይ ተዋግተነዋል። በዚህ ጽሑፍ የምንጠይቀው ጨዋታው ያስደስታል ወይስ አያስደስትም ብለን አይደለም። የምንጠይቀው ስለ ዐድዋ እውነት ይናገራል ወይ ብለን ነው። ጥያቄው ቀላል አይደለም፤ ምክንያቱም ወጣት በእጁ ነክቶ ያወቀውን ታሪክ በጆሮው ሰምቶ ካወቀው ይልቅ ያምነዋል። እጁ የነካው ሐሰት ከሆነ ግን ማን ያርመዋል?

የመጀመሪያው ነቀፌታችን በቁጥር ላይ ነው። የጄኔራል ባራቲየሪ ጦር 17,700 ያህል ሰውና 56 መድፍ እንደ ነበረው ይነገራል፤ የኢትዮጵያ ሠራዊት ደግሞ ወደ 100,000 ይገመታል። አንድ ፍሬ ለመቶ ሰው እንዲቆም ብናደርግ 177 ሽምብራ ከ1,000 ባቄላ ጋር ይገጥማል ማለት ነው። እንግዲህ ገበታውን ከሩቅ የሚያይ ሰው «በብዛት አሸነፉ» ቢል አይፈረድበትም። ይህ ግን ተሸናፊዎቹ ከየካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ማግሥት ጀምሮ ሲደጋግሙት የኖሩት ማመካኛ ነው። 17,700ው ጦር በዚያ ቀን አንድም ሰዓት እንደ 17,700 ሆኖ አልተዋጋም። በስተ ግራ የነበረው የአልቤርቶኔ ብርጌድ፣ ቁጥሩ ወደ 4,000 የሚጠጋ፣ ከሌሎቹ ተለይቶ ፊት ወጣ፤ ከቀትር በፊትም ተሰበረ። ቀጥሎ የአሪሞንዲ ተራ ሆነ። ዳቦርሚዳ ደግሞ ወደ ማርያም ሸዊቶ ሸለቆ ዞሮ ለብቻው ሲዋጋ ውሎ እዚያው ወደቀ። አንዱን ጦር ከሌላው ለይቶ በየተራ መምታት የብዛት ሥራ ብቻ አይደለም፤ የማየት፣ የመፍጠንና የመተኰስ ችሎታ ነው። የኢትዮጵያም ወታደር አብዛኛው ጠመንጃ የያዘ እንደ ነበረ መዘንጋት አይገባም። ጦርና ጋሻ ብቻ የያዙ ምስሎችን በገበታው ላይ መደርደር ውብ ሊሆን ይችላል፤ እውነት ግን አይደለም።

ሁለተኛው ነቀፌታ ከዚህ የከበደ ነው። በተለመደው ጨዋታ ሁለቱም ወገኖች ገበታውን በሙሉ ያያሉ። በዐድዋ ግን ማንም ሁሉን አላየም። የኢጣልያ ጦር ሌሊት ሲጓዝ የነበረው በተሳሳተ ንድፍ ካርታ እየተመራ ነው፤ በካርታው ላይ ኪዳነ ምሕረት ተብሎ የተጻፈው ኰረብታ እውነተኛው ኪዳነ ምሕረት አልነበረም። አልቤርቶኔ ስሙን ተከትሎ ብዙ ኪሎ ሜትር ወደፊት ያለፈው በዚህ ምክንያት ነው። እኛም ነገሩን ለመፈተን ጦርነቱን በሁለት መንገድ አካሄድነው። ገበታው ለሁሉም ግልጥ በሆነ ጊዜ ባራቲየሪን የሆነው ጓደኛችን አራቱን ብርጌዶች አንድ ላይ አጣብቆ ያዘ፤ ዐድዋ የሚባል ጦርነትም ሳይሆን ቀረ። በሁለተኛው ጊዜ ግን በራይስቪትስ ደንብ እንደሚደረገው አንድ ዳኛ መካከል ተቀመጠ፤ ተጫዋቾቹም በየክፍላቸው ሆነው በወረቀት የሚላክላቸውን ወሬ ብቻ እያነበቡ ትእዛዝ ጻፉ። አልቤርቶኔን የሆነው ጓደኛችን ሦስት ጊዜ የጻፈው ጥያቄ አንድ ነበር፤ «በስተ ቀኜ ያለው ማን ነው?» የሚል። ከዚህ የበለጠ የታሪክ ማብራሪያ አያስፈልግም። የእኛው ሠንጠረዥም በዚህ ረገድ ከአውሮፓው ቼዝ ይልቅ ጦርነትን የሚመስል ጠባይ አለው፤ «ወረራ» በሚባለው መጀመሪያው ክፍል፣ አንድ ፍሬ እስኪበላ ድረስ፣ ተጫዋቾቹ ተራ ሳይጠብቁ ሁለቱም እንደ ወደዱ ይንቀሳቀሳሉና።

ሦስተኛው ነቀፌታ ስለ ጊዜ ነው። ጨዋታው ሁልጊዜ የሚጀምረው ጎሕ ሲቀድ ነው። የጦርነቱ ቁርጥ ግን ቀደም ብሎ ነበር። በሁለቱም ሰፈር ስንቅ ሊያልቅ ጥቂት ቀን ቀርቶት ነበር፤ ባራቲየሪ ማፈግፈግን ሲያስብ የሮማ መንግሥት በቴሌግራም ወቀሰው፤ አዛዦቹም በምክር ላይ ወደፊት መሄድን መረጡ። እንዲሁም መቀሌ በተከበበ ጊዜ ውሃውን መያዝ ምሽጉን ለማስለቀቅ ትልቅ ሥራ መሥራቱ የታወቀ ነው። ስንቅና ውሃ የማይቈጠርበት ጨዋታ እቴጌ ጣይቱንና ከሠራዊቱ ጋር የዘመቱትን እልፍ ሴቶች ከገበታው ያወጣቸዋል።

አራተኛው ነቀፌታ፣ የኢጣልያን ወገን አራት ሰዎች ብርጌድ ለብርጌድ ሲከፋፈሉት የኢትዮጵያን ወገን አንድ ሰው ብቻውን መያዙ ነው። ይህ ታሪኩን መገልበጥ ነው። ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በ1874 ዓ.ም. በእምባቦ ላይ በምኒልክ ጦር ድል ሆነው ተማርከው ነበር፤ ከ14 ዓመት በኋላ ግን በዐድዋ ከማራኪያቸው ጎን ተሰለፉ። ራስ መኰንን፣ ራስ ሚካኤል፣ ራስ መንገሻ፣ ራስ አሉላ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ጦር ይዘው የመጡ ናቸው። ስምምነታቸው ከሰማይ የወረደ ሳይሆን የተደከመበት ነው። ስለዚህ በኢትዮጵያ ወገን ቢያንስ ስድስት ወንበር ይዘጋጅ፤ ስምምነቱም በጨዋታው ውስጥ ይፈተን።

«በሙታን አጥንት መጫወት ነውር ነው» የሚሉ ሽማግሌዎች አሉ። ቃላቸውን አንንቅም። ጨዋታው ፀሐይ ስትጠልቅ ያልቃል፤ ታሪኩ ግን አያልቅም። ከተማረኩት የኤርትራ ተወላጅ ወታደሮች ብዙዎቹ ቀኝ እጃቸውና ግራ እግራቸው ተቈርጦ ተለቀቁ። ይህን የትኛውም ዳይ ሊጥለው፣ የትኛውም ሽምብራ ሊያሳየው አይችልም። ስለዚህ ጨዋታው ሲያበቃ ዳኛው የሞቱትን፣ የቈሰሉትንና የተማረኩትን በግምትም ቢሆን ቈጥሮ ጮክ ብሎ ያንብብ እንላለን። ከዚህ በኋላ የሚስቅ ተጫዋች ቢኖር ነውሩ የእርሱ እንጂ የጨዋታው አይሆንም።

በመጨረሻም አንድ ሐሳብ እናቀርባለን። ከአዳማ እስከ ሻሸመኔ ባለው የስምጥ ሸለቆ ያሉ ተማሪዎች ዐድዋን ያውቃሉ፤ በደጃቸው ያለፈውን ጦርነት ግን ጥቂቶች ናቸው የሚያውቁት። በግንቦት 1933 ዓ.ም. የእንግሊዝ መንግሥት የአፍሪካ ጦር በዝናብና በጭቃ መካከል በሐይቆቹ አጠገብ ተዋግቶ ግንቦት 6 ቀን ሻሸመኔን ያዘ፤ ግንቦት 11 ቀን ደግሞ በብላቴ ወንዝ ላይ በቁሊቶ ከባድ ውጊያ ሆነ። በዚያ ውጊያ ሳጅን ናይጀል ሊኪ በጠላት ታንክ ላይ ዘሎ ወጥቶ ክዳኑን ከፈተ፤ በኋላም እዚያው ስለ ሞተ የቪክቶሪያ መስቀል ተሰጠው። ስሙ የቀረው በኒሻኑ ነው። ከእርሱ ጋር የተሰለፉት የምሥራቅ አፍሪካ ወታደሮች ግን አብዛኛዎቹ በእኛ ዘንድ ስም የላቸውም፤ ጦርነቱ ማሳውን የረገጠበት ባላገርም እንዲሁ።

ይህን ውጊያ በአሸዋ ላይ ለማቆም የሚነሣ ተማሪ አስቀድሞ መንገዱን መለካት፣ የወንዙን ዳር ማየትና ከወላጆቻቸው የሰሙ ሰዎችን መጠየቅ ይገባዋል። የጦርነት ጨዋታ ዋጋው እዚህ ላይ ነው። ጥሩ ደንብ የሚያዘጋጅ ሰው እያንዳንዱን ቁጥር «ከየት አገኘኸው?» ተብሎ ይጠየቃል፤ ለዚህም መልስ ለማግኘት ወደ መጽሐፍና ወደ ሰው መሄድ ግድ ይሆንበታል። እንዲህ ያለው ጨዋታ የምርምር ታናሽ ወንድም ነው። ያለ ጥያቄ የሚጫወቱት ግን፣ ምስሉ ምንም ያህል ቢያምር፣ የሌላውን ሰው ማመካኛ በገዛ እጅ መደርደር ብቻ ነው።